ዲስኩን ከመመለስሽ በፊት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ከወንድሜ ጋር ትንሽ ፎቶ ቤት አለን፤ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እንሠራለን። ከሰባት ወር በፊት እዚሁ ከተማ ካለ ሱቅ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ «የአንድ ዓመት ጋራንቲ» ተብሎ በእጅ ተጽፏል፤ ማኅተምም አለው። ባለፈው ሳምንት ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አልከፍት አለኝ። በሦስት ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ያው ነው። ጥዬውም አላውቅም።

ውስጡ የሦስት ሠርግ ሥራ አለ። ሁለቱን አስረክቤያለሁ። ሦስተኛው ገና ኤዲት ላይ ነበር። የዚያች ሙሽራ አባት ከሠርጉ ሁለት ወር በኋላ አረፉ። ልጃቸውን ሲመርቁ የቀረጽነው እዚያ ውስጥ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለ ሱቁ መጀመሪያ «አዲስ አበባ ልኬ አስቀይርልሻለሁ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «የጣና እርጥበትና የቦታው ከፍታ ነው ያበላሸው፤ ይህን ጋራንቲ አይሸፍነውም» አለ። ስቆጣ «እሺ አምጪውና ሁለት ወር ጠብቂ» ብሎኛል። አንድ ቴክኒሻን ደግሞ «በ5 ሺህ ብር ከፍቼ ዳታውን አወጣልሻለሁ» ይላል። ለማን ልስጠው? ደግሞስ የማይበላሽ ብራንድ የቱ ነው?

የፎቶ ቤቷ ባለቤት፣ ከሽምብጥ

መልስ

እህቴ፣ ለጊዜው ለማንም አትስጪው። ለባለ ሱቁም፣ ለቴክኒሻኑም።

በእጅሽ ያለው አንድ ችግር ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው ዲስኩ ነው። እሱ ዕቃ ነው፣ በብር ይተካል። ሁለተኛው ውስጡ ያለው ምስል ነው። ይህን ምንም ጋራንቲ አይተካውም። የዲስክ አምራቾች በዋስትና ጽሑፋቸው ላይ ለጠፋ ዳታ ኃላፊነት እንደማይወስዱ በግልጽ ይጽፋሉ። ባለ ሱቁ ቃሉን ጠብቆ ነገ ጠዋት ቢቀይርልሽ እንኳ የምትቀበይው ባዶ ዲስክ ነው። አሮጌው በዚያው ይሄዳል፤ የአባትየው ምርቃትም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምስሉን እናስብ። የጋራንቲው ክርክር ይደርሳል፤ ገና አምስት ወር አለሽ።

ስለ ድምፁ ልንገርሽ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ክብ ሳህኖች ይሽከረከራሉ፤ እንዳንቺው ባሉ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር ነው። ከሳህኑ በላይ የሚያነብና የሚጽፍ ጭንቅላት ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ጭንቅላቱ ሲጎዳና ቦታውን ማግኘት ሲያቅተው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይመለሳል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ይኸው ነው። የተጎዳ ጭንቅላት ሳህኑን ሊቧጭር ይችላል። የተቧጨረው ቦታ ላይ የነበረውን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። «እስኪ አንዴ ልሞክረው» እያሉ መሰካት የሚያስከትለው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም። ገመዱን ቀይረሻል? ደካማ ገመድ ወይም በቂ ኃይል የማይሰጥ የዩኤስቢ ቀዳዳ ዲስኩ መነሳት እንዲያቅተውና ተመሳሳይ ድምፅ እንዲያሰማ ሊያደርግ ይችላል። በሦስቱም ኮምፒውተር የሰካሽው በዚያው ገመድ ከሆነ፣ ደህና መሆኑን በምታውቂው አጭር ገመድ፣ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጀርባ ባለው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪው። ከተከፈተ ሌላ ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ ያንን ምርቃት ኮፒ አድርጊ። ሌላው ይደርሳል። ቀጭ ካለ ግን ወዲያው ንቀይው፣ በሳጥኑ አስቀምጪው፣ በቃ። ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው የሚልሽ አይጠፋም። አትስሚ። ከፍሪጅ የወጣ ዲስክ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛ ያለበት ሳህን ላይ ጭንቅላቱ ሲያርፍ የቀረውንም ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያ ቪዲዮ እውነት ዲስኩ ላይ ብቻ ነው ያለው?

ካሜራሽ መጀመሪያ የጻፈው ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዶቹን ፎርማት አድርገሽ እንደገና ሠርተሽባቸው ይሆናል። ግን ፎርማት ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ምስሉን ራሱን አይደለም። ምስሉ የሚጠፋው በላዩ ሌላ ሲቀረጽበት ነው። ባለ 128 ጊጋ ካርድ ላይ ከዚያ በኋላ 40 ጊጋ ብቻ ቀርጸሽበት ከሆነ፣ ከቀረው ቦታ ላይ የቀድሞው ሠርግ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ በዚያ ሠርግ የዋሉትን ካርዶች በሙሉ ከሥራ አውጪያቸው። ሁለተኛ ካሜራ ይዞ የመጣ ቀጥረሽው የነበረ ልጅ ካለ እሱንም ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው። በሳምንቱ መጨረሻ ሥራ ካለሽ ካርድ ተበደሪ ወይም ግዢ፤ ያንን ካርድ ግን አትንኪው።

ከዚያ ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አውርጂ። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ያነብና ያገኘውን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥልሻል። የማስቀመጫ ቦታ ሲጠይቅሽ ያንኑ ካርድ እንዳትሰጪው ተጠንቀቂ። የፋይሎቹ ስም ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ አንድ በአንድ መክፈት ይኖርብሻል። ረጅም ቪዲዮ ተቆራርጦ ሊወጣ ወይም አልጫወት ሊል ይችላል። ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ ይወጣል። ተቆራርጦ የወጣውንም አትጣይው። ከስድስት ሰዓት ሠርግ የምንፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ቀጥለሽ የኤዲት ኮምፒውተሩን ፈትሺ። ኤዲት ላይ ነበር ብለሻል። ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ በሚባሉት የኤዲት ፕሮግራሞች ስትሠሪ ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ፕሮክሲ፣ ማለትም ቀለል ያለ የቪዲዮው ግልባጭ፣ አሠርተሽ ከሆነ፣ እነዚያ ፋይሎች እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሠርጉን ሙሉውን የያዙ ናቸው። ሬንደር የተደረጉ የፕሪቪው ፋይሎችም አሉ፤ ፕሮግራሙ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። «ቦታ አጣበበ» ብሎ ወንድምሽ ካሹን (ፕሮግራሙ ለጊዜው ያጠራቀማቸውን ፋይሎች) እንዳያጠፋ አሁኑኑ ንገሪው። ለቲክቶክ ወይም ለቴሌግራም ገጻችሁ ቆርጣችሁ ያወጣችሁት አጭር ቪዲዮ ካለም ፈልጉት።

ቀጥሎ ሰዎቹ አሉ። አባት ልጁን ሲመርቅ ስልኩን ያላወጣ ዘመድ አይኖርም። ሚዜዎቹ ቀርጸዋል። የአክስት ልጆች ቀርጸዋል። ውጭ ላሉ ዘመዶች በዚያው ምሽት ተልኳል። ቴሌግራም ላይ በተራ ቻት የተላከ ቪዲዮ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ላኪው ስልኩን ቢቀይርም ቻቱ እስካልተሰረዘ ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ማውረድ ይቻላል። ባንድ ወይም ዲጄ ከነበረ ከማይክሮፎኑ የተቀዳ ድምፅ ሊኖረው ይችላል፤ ጠይቂው። የአባትየው ጥርት ያለ ድምፅ ከሌላ ሰው ስልክ ምስል ጋር ቢገጣጠም ለልጅቱ ዋጋ የማይተመንለት ነገር ይሆናል። ይህን መግጠም ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው።

ግን ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ለሙሽራዋ መንገር አለብሽ። ዛሬ ወይም ነገ። ለምን እንደፈራሽ ይገባኛል፤ ሐዘን ላይ ላለች ሴት ሌላ ሐዘን ይዞ መሄድ ከባድ ነው። ሆኖም አንቺ ዝም ባልሽበት በየቀኑ ከአንዱ ዘመድ ስልክ ላይ «ሜሞሪ ሞላ» ተብሎ ቪዲዮ ይሰረዛል። ዝምታሽ እሷን አያድናትም፣ የሚድነውን ይቀንስባታል። በስልክ አትንገሪያት። ወንድምሽን ይዘሽ ቤቷ ሂጂ። ዲስኩ አልከፍት እንዳለ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ፣ ከእሷ ምን እንደምትፈልጊ ንገሪያት። ባለ ሱቁን አትውቀሺ፣ መብራቱንም አትውቀሺ። ለእሷ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ብትቆጣ አድምጫት። ከዚያ የዘመዶቿን ዝርዝር አብራችሁ ጻፉ።

እሷ ማወቅ ያለባት በሌላም ምክንያት ነው። የዲስኩን ዕጣ ስትወስኚ የሚጠፋው የእሷ ነው። ለቀያሪ ይሰጥ፣ ይከፈት፣ ውጭ አገር ይላክ የሚለው ላይ ድምፅ ሊኖራት ይገባል።

ስለ ቴክኒሻኑ እንነጋገር። ባሕር ዳር ጎበዝ ልጆች አሏት፤ ከፖሊ የወጡ፣ ማዘርቦርድ ላይ ተአምር የሚሠሩ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ክፉ ሐሳብም አላስብበትም። ችግሩ ያለው ከችሎታው ሳይሆን ከአየሩ ነው። ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በተጣራበት ክፍል ውስጥ ነው። ያ የናኖሜትር ክፍተት ለአቧራ ቅንጣት ቦታ የለውም፤ አንድ ቅንጣት ሳህኑ ላይ ካረፈ በ5,400 ዙር እየዞረ ሲላጭ ይውላል። ደግሞም የተጎዳ ጭንቅላት ለመቀየር ከአንቺው ጋር የሚገጥም ሌላ ደህና ዲስክ ያስፈልጋል፤ ከእሱ ነቅሎ ነው የሚገጥመው። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው። የት ነው የምትከፍተው? የሚነቀልለት ዲስክ አለህ? ከተነሳልህ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ ፋይል የምፈልገው ከግልባጩ ላይ ነው» የሚል ነው። «እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ» ካለሽ አመስግነሽው ውጪ።

ቴክኒሻኑ ሳይከፍት ሊረዳሽ የሚችልበት ሁኔታም አለ። ብልሽቱ ዲስኩን ከዩኤስቢ በሚያገናኘው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ከሆነ፣ ሽፋኑን አውጥቶ በቀጥታ ከኮምፒውተር ማገናኘት ይበቃል። ነገር ግን አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ላይ የዩኤስቢ መሰኪያው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሠራው፤ አንዳንዶቹም ዳታውን በዚያው ሰሌዳ ላይ ባለ ቁልፍ ይቆልፉታል። ሽፋን ማውጣት እዚያ አይሠራም። ሽፋኑ ሲፈለቀቅ ደግሞ ጋራንቲው አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ዲዲሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ መሣሪያም ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነበበውን ያነባል፣ የማይነበበውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። እሱ ግን የሚጠቅመው ከፊል ቦታው ለተበላሸ ዲስክ ነው። ቀጭ ቀጭ ለሚለው ያንቺ ዓይነት አይሆንም።

እውነተኛ የማዳኛ ላቦራቶሪ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል፤ ከሺህ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ይወጣል ብሎ የሚምል የለም። ካርዶቹ፣ ኮምፒውተሩና ዘመዶቹ ሁሉ ተፈትሸው ምርቃቱ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተመካከሩበት። ውጭ ያለ ዘመድ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ካርቶኑንም አንብቢ፤ ሲጌት አንዳንድ ዲስኮቹን ሬስኪው ከሚባል የዳታ ማዳን አገልግሎት ጋር ነው የሚሸጠው። ትልልቆቹ አምራቾች እውቅና በሰጡት ላቦራቶሪ የተከፈተን ዲስክ ጋራንቲው እንደጸና የሚቀበሉበት አሠራርም አላቸው፤ ላቦራቶሪው በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። የጠረጴዛ ላይ ጥገና ግን ይህን አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ባለ ሱቁ። «እርጥበትና ከፍታ ነው ያበላሸው» ያለው ምክንያት አያስኬድም። አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ ነው የሚመረቱት። የጣና ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በ500 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ከፍታ ዲስክ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ዕቃው የመጣበት የአዲስ አበባ መጋዘን አጠገብ አንድም ዲስክ ሥራ ላይ ባልዋለ ነበር። እርጥበቱንም ቢሆን ወደ ጠብታ እስካልተለወጠ ድረስ ይችሉታል፤ የዲስኩን የቴክኒክ መግለጫ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደሽ አሳዪው። እዚህ ከተማ ዲስክ የሚጎዳው ሌላ ነው። እየሠራ ሳለ ጠረጴዛው ሲገፋ፣ ከላፕቶፕ ጋር እንደተሰካ ባጃጅ ውስጥ ሲንገጫገጭ፣ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋ። ዲስኩ ወድቆ ከነበረ ጋራንቲ አይሸፍነውም። አልጣልኩትም ብለሻል፤ አምኜሻለሁ። ወንድምሽንም ጠይቂው።

ባለ ሱቁን ስታነጋግሪ ግን የእሱንም ጎን አስቢ። ብዙው ዕቃ በዱባይ በኩል ነው የሚመጣው፤ አስመጪው ከእሱ አይቀበለው ይሆናል። ኪሳራው እሱ ላይ እንዳይቀር ፈርቶ ሊሆን ይችላል ምክንያት የሚያበዛው። ያም ሆኖ ቃል የገባልሽ እሱ ነው። ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ የሰጠሽ የአንድ ዓመት ጋራንቲ የእሱ ውል ነው፤ ከአስመጪው ጋር ያለው ነገር የእሱ ጣጣ ነው። ለዚህ ነው ያ ደረሰኝ ከሁሉ የሚበልጥብሽ። ፎቶ አንሺውና ለወንድምሽም ላኪለት።

ጋራንቲ ሲባል የአምራቹም አለ። ዲስኩ ጀርባ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቢ። ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነና ለየትኛው አካባቢ እንደሚሠራ ያሳይሻል። «ለሌላ አካባቢ የተሸጠ ነው» ወይም «ለኮምፒውተር አምራች የተሸጠ ነው፣ ሻጭሽን ጠይቂ» የሚል ከወጣ፣ በዚያ በኩል በሩ ዝግ ነውና ጉዳይሽ ከሱቁ ጋር ብቻ ይሆናል። አምራቹ ቢቀበልሽም አዲስ ዲስክ ላይሰጥሽ እንደሚችል እወቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ታድሶ የተፈተሸ ነው፤ ዋስትናውም ከአሮጌው በቀረው ጊዜ ላይ ነው የሚቀጥለው።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ካለ ግን ያ ዋስትና እንደተጠበቀ ነው። ያንቺ 15 ቀን አልፏል፤ የሱቁ አንድ ዓመት ግን አላለፈም። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢ ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። «ሳይዘገይ» የሚለውን ያዢው።

ስለዚህ ዲስኩን ሳታስረክቢ አቤቱታውን አሁን በጽሑፍ አስገቢ። አንድ ገጽ ይበቃል። የገዛሽበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ብልሽቱ የታየበት ቀን፣ በቃል ያመለከትሽበት ቀን፣ እሱ የሰጠሽ መልስ። መጨረሻ ላይ «በጋራንቲው መሠረት እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ፤ ውስጡ የደንበኞቼ ምስል ስላለ ዲስኩን የማስረክበው ያ ጉዳይ እንዳለቀ ነው» ብለሽ ጻፊ። በሁለት ቅጂ አድርገሽ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም ጠይቂው። አልፈርምም ካለ በቴሌግራም ላኪለት፤ የላክሽበት ቀንና ሰዓት ይቀመጥልሻል። እየጮኽሽ አትሂጂ። የምታውቁት ነጋዴ ካለ አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነጋዴዎች ሲነጋገሩ ብዙ ነገር ይቀላል። እምቢ ካለ ወረቀቶቹን ይዘሽ የንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ሂጂ።

ዲስኩን የምታስረክቢበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሺው፤ ያልተሰነጠቀና ያልተፈለቀቀ መሆኑ ይታይ። «ሲሪያል ቁጥሩ ይህ የሆነ ዲስክ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ሳትይዢ ከእጅሽ አይውጣ። ሁለት ወር የሚባለው ቀነ ቀጠሮም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

አንድ የምጨነቅበትን ልጨምር። አልከፍት ያለ ዲስክ ውስጥ ያለውን ማጥፋት አትችይም። ታድሶ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ያውም የሦስት ቤተሰብ ገመና ነው፤ የሙሽሮች ልብስ መቀየሪያ ክፍል የተነሱ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ይኖራሉ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን፣ ምርቃቱ ካልተገኘ ወይም ቤተሰቦቹ ካልፈቀዱ፣ የዲስኩን ገንዘብ ትቼ ዲስኩን አስቀር ነበር። ሦስቱም ቤተሰቦች እሺ ካሉሽና የሚወጣው ከወጣ ግን መብትሽን እስከ መጨረሻው ጠይቂ።

የማይበላሽ ብራንድ የቱ ነው ላልሽው፣ የለም። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ሳጥኑ ላይ ሌላ ስም ብታይም ውስጡ ከሦስቱ የአንዱ ነው። ሁሉም ጥሩ ሞዴል አላቸው፣ ሁሉም የከሸፈ ሞዴል አላቸው። የሲጌት አንድ ባለ 3 ቴራባይት ሞዴል ብልሽቱ በዝቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ክስ አስነስቶበታል። ኤስኤስዲም፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለውና ቺፕ ላይ የሚጽፈው ዲስክ፣ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤችፒኢ የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ለሰርቨር የሸጣቸው አንዳንድ ኤስኤስዲዎች በሶፍትዌር ስሕተት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ በአንድ ጊዜ እንደሚሞቱ፣ ዳታውም እንደማይመለስ አስታውቆ ነበር። አብረው የተገዙ ዲስኮች አብረው ይሞቱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዲስክ ስትገዢ ከተለያየ ብራንድ፣ ቢያንስ በተለያየ ጊዜ የተገዛ ይሁን።

የጋራንቲ ርዝመትም ዕድሜ አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ሲጌትና ዌስተርን ዲጂታል የብዙ ዲስኮቻቸውን ዋስትና አሳጠሩ፤ ሦስት ዓመት የነበረው ሁለት ሆነ፣ አንድ ዓመት የሆነም ነበር። ዲስኮቹ በአንድ ሌሊት አልደከሙም። የንግድ ውሳኔ ነበር።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቅ ይሆን? አንዳንዴ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በወር አንዴ ክፈቺው። የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6) የሚሉት መስመሮች ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከመጣና መጨመር ከጀመረ፣ በዚያው ቀን ኮፒ አድርጊና ዲስኩን ቀይሪው። ዜሮ ነው ብለሽ ግን አትተኚ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት።

ገበያ ላይ «16 ቴራባይት ኤስኤስዲ» እየተባለ በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጠውን ደግሞ እንዳትገዢ። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 16 ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ ሲሞላ የቀደመውን እየደመሰሰ ይጽፋል። ማንኛውንም አዲስ ዲስክ ሥራ ከማስገባትሽ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባል ፕሮግራም ሙሉውን ሞልተሽ አስፈትሺው። ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ። ጉድለት ካለው ያ የ15 ቀን መብት ሳያልፍ ይታወቃል።

ስለ ኮፒ። ደመና ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ባለ ማከማቻ ላይ፣ ጫኚ እንዳልልሽ ቁጥሩ አያስኬድም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ሰዓት ሲቀርጽ 540 ጊጋ ነው። በ5 ሜጋቢት ኢንተርኔት ይህን ለመጫን ቀንና ሌሊት 10 ቀን ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ ነው ያውም። ደመናው ላይ ያለቀውን ፊልምና የተመረጡ ፎቶዎችን ጫኚ፤ ጥሬውን በዲስክ ያዢ። ከሠርግ ስትመለሺ ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጪ፤ ሁለቱንም ከፍተሽ ሳታዪ ካርዱን ፎርማት አታድርጊ። ሁለተኛው ዲስክ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አይደር። ሌባና እሳት ሁለቱንም አብረው ይወስዳሉ። አባይ ማዶ ዘመድ ካለሽ እዚያ ይቀመጥ። የሚያርፍበት ቦታ ካርቶን ሳይሆን ደረቅ፣ የማይወድቅበት ይሁን። ለረጅም ጊዜ ሳይሰካ ለሚቀመጥ ነገር ከኤስኤስዲ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ባትሪ፣ ግዢለት። ዲስኩን ስትነቅይም «ኢጀክት» ሳትይ አትንቀይው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ ትዪኝ ይሆናል። ከሠርጉ ዋጋ ውስጥ። ለሙሽሮች ዋጋ ስትነግሪ የዲስኩን ጨምረሽ ንገሪያቸው፤ ጥሬውን ቪዲዮ በራሳቸው ዲስክ ገልብጠሽ አስረክቢያቸው፣ መረከባቸውንም ያስፈርሙልሽ። አንቺ ጋ ያለው ቅጂ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ስድስት ወር ወይም ዓመት፣ የምትችይውን። ብዙ ሙሽሮች ምክንያቱ ሲነገራቸው አይከራከሩም። የሚከራከርሽ ካለ ዋጋ ቀንሺለት፣ ሁለተኛውን ኮፒ ግን አትቀንሺ።